ሳይጠገን የቀረው ቀዳዳ

ባለፈው ሳምንት ያነበባችሁኝ፣ በሩን ከዘጋሁ በኋላ እጄን ከመቀርቀሪያው ላይ ሳላነሳ እንደተውኳችሁ ታስታውሳላችሁ። ላላነበባችሁኝ ነገሩ አጭር ነው፤ አሳፋሪም ነው። ማዕዶት እባላለሁ፤ ያደግኩት አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ነው። አባቴ መምህር አስናቀ በወጣትነቱ ከቢቸና ተመድቦ መጥቶ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሮ እዚሁ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የምወደው ሰው ደግሞ ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠምዳል። ኤርጫፎ ይባላል። ባለፈው እሑድ አንድ ትልቅ ነጭ ዓሣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ከቤተሰቦቼ ጋር ሊተዋወቅ መጣ። አባዬ ከበረንዳው ላይ አየውና «ዓሣውን ተቀበዪውና በሩን ዝጊ» አለኝ። ተቀበልኩት። ዘጋሁትም። «አባዬ፣ ይሄ ኤርጫፎ ነው» ለማለት አራት ቃል ይበቃ ነበር፤ አንዱም አልወጣኝም።

ፈሪ ነኝ። ደብቄው አላውቅም፣ ቢደበቅም አይደበቅልኝም። ባጃጅ ከሴቻ ወደ ሲቀላ ቁልቁል ሲወርድ ዓይኔን የምጨፍን ሰው ነኝ። እና እኔን ነው ኪሱሙ፣ ኬንያ ያለ የዓሣ ምርምር ቤተ ሙከራ ለስድስት ወር ኢንተርንሺፕ የተቀበለኝ። መልሳቸው የደረሰ ዕለት እማዬ እልል ስትል እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አስመለሰኝ። ሰው ሁሉ «ኬንያማ ጎረቤት አይደለች እንዴ!» ይለኛል፤ ፍርሃት በኪሎ ሜትር የሚለካ ይመስል። አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም። ከአገር መውጣት ይቅርና አዲስ አበባን ያየሁት እንኳ አንድ ጊዜ፣ የእናቴን ቀሚስ ይዤ ነው። የፓስፖርት መስኮት ላይ የተቀመጠ ሰው «ለምን መጣሽ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ እንግሊዝኛዬ ጥሎኝ ሲጠፋ፣ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሲያጉረመርም ይታየኛል።

ደግሞ ያን ቦታ ያስገኘልኝ ማን ሆነና። አምና ለመመረቂያ ጥናቴ የጫሞን ዓሣ ርዝመትና ክብደት በየቀኑ መመዝገብ ነበረብኝ። ሚዛኔንና የመለኪያ ጣውላዬን ይዤ የዓሣ ማራገፊያው ላይ ስቆም፣ ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣውን የሚጭነው ፒካፕ እንዳያመልጣቸው እየተጣደፉ ገፍተውኝ ያልፉ ነበር። ቆሞ ያስለካኝ ኤርጫፎ ብቻ ነው። «ወይዘሪት ሚዛን» ብሎ ስም ያወጣልኝም እሱ ነው። ወባ ስድስት ሳምንት አልጋ ላይ ሲያስቀረኝ፣ ጣውላዬን ወስዶ በየጠዋቱ ዓሣውን እየለካ፣ በዚያ ወደ ጎን በሚያጋድል ጽሑፉ ደብተር ሞልቶ ጠበቀኝ። አንድም ቀን አላጎደለም። አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ያቋረጠ ሰው ጽፎት፣ የኪሱሙ ሰዎች ያደነቁት ያን ደብተር ነው። አሁን ያው ደብተር ከአገሬ ሊያስወጣኝ ነው።

እማዬ ወለቴ «መንገደኛ ቂም ይዞ አይወጣም» ትላለች። በእሷና በአባዬ አገር ሩቅ የሚሄድ ሰው ጎረቤቱን እየዞረ ይቅር ይባባላል፣ ይመረቃል፣ ይሰናበታል። ሰኞና ማክሰኞ ሰፈሩን ስዞር ዋልኩ። ክፉ ነገር ያልሠራሁባቸውን ሴትዮዎች ሁሉ ይቅርታ ጠየቅኩ። ረቡዕ ክፉ ወደሠራሁበት ሰው፣ ወደ ጫሞ ወረድኩ።

ኤርጫፎ ከማራገፊያው አለፍ ብሎ ሾላው ጥላ ሥር መረብ ዘርግቶ ይጠግናል። ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ እንደ ሁልጊዜው ሳቀ፤ «ወይዘሪት ሚዛን» አለና ቦታ ለቀቀልኝ። ስለ እሑዱ ትንፍሽ አላለም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ዝምታው ሲያስፈራኝ ጊዜ ከአፌ የወጣው እማዬ ያስጠናችኝ ነገር ነው።

«ዓርብ እሄዳለሁ» አልኩት። «ያስቀየምኩህ ነገር ካለ ይቅር በለኝ። ደህና ሁን ኤርጫፎ።»

ፊቱ አመድ ሲመስል አየሁ። አንድ ነገር ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። መረቡን ከጭኑ ላይ ጥሎ ተነሳ፤ ወደ ጀልባው ሄደ፤ ገፋት፤ ዘሎ ገባ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ቀዘፈ። ደንገሉ እስኪጋርደው ድረስ ቆሜ አየሁት፤ አንዴም ዞር አላለም። የዘጋሁበትን በር መልሶ ዘጋብኝ፤ ይገባኛልም አልኩ፤ ግን ይገባኛል ማለት ሕመሙን አላቀለለውም።

ሐሙስ ጠዋት ደብዳቤ ጻፍኩለት። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትሉኝ ይሆናል፤ ደውዬለት አላነሳም። እንዲህ አልኩት፦ «ዓርብ ከአምስት ሰዓት በፊት መጥተህ ‹ቅሪ› ካልከኝ፣ ለፍቅራችን ስል እቀራለሁ።» ጽፌ ስጨርስ ከሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቤ አረፈ። ለምን እንዳረፈ ያኔ አልመረመርኩትም።

ደብዳቤውን ሲቀላ ገበያ ጥግ ዓሣ ለሚሸጡት ለእናቱ ለእማማ በለጥሽ ሰጠኋቸው። እማማ በለጥሽ የቤታቸው ቋንቋ ጋሞኛ ነው፤ አማርኛን የለመዱት በገበያ ስለሆነ እኔን «አንተ» ነው የሚሉኝ፤ ከሳቸው አፍ ሲወጣ ደስ ይለኛል። ወረቀቱን እንደ ትኩስ ድንች በሁለት ጣት ተቀበሉኝ። አላነጋገሩኝም፤ ዓይኔንም አላዩም። እሳቸውም አዝነውብኛል ማለት ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ።

ያን ቀን ባጃጅ በደጃችን ባለፈ ቁጥር ብድግ አልኩ። አባዬ በበኩሉ ሻንጣዬን በዓሣ ሚዛኔ ሰቅሎ ይመዝን ነበር። ሃያ ሁለት ኪሎ ከግማሽ አለ። እማዬ በሶና ድርቆሽ ልትጨምር፣ እሱ ሊያስወጣ፣ ሲነታረኩ ዋሉ። ማንም ከበር አልመጣም።

ዓርብ በረራዬ ሰባት ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ልምጣ ብዬ ወጣሁና ባጃጁን ወደ ጫሞ አዞርኩት። ለምን እንደሄድኩ ብትጠይቁኝ፣ ሊሰድበኝም ቢሆን ፊት ለፊት ይስደበኝ ብዬ ነው።

ጀልባዎቹ ገና አልተመለሱም። ሾላው ሥር እማማ በለጥሽ ብቻቸውን ቅርጫታቸውን አስቀምጠው ይጠብቃሉ። ሲያዩኝ ከተቀመጡበት ተነሱ።

«አንተ ለምን መጣህ? ደግመህ ደህና ሁን ልትል?» አሉኝ፤ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ቀረብ ስላቸው ፈርተው ነው። እኔ ፍርሃትን ካየሁ አላጣውም።

እጃቸውን ያዝኩና ምን አድርጌ እንደሆነ እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። ቁጭ አድርገው ነገሩኝ። የኤርጫፎ አባት ከአሥር ዓመት በላይ በዚህ ውሃ ሲመላለሱ ለማንም «ደህና ሁን» ብለው አያውቁም ነበር፤ ዝም ብለው ነው የሚገቡት፣ ዝም ብለው ነው የሚመለሱት። አንድ ቀን ግን ቁጭ ብለው መረባቸውን ሁሉ ጠገኑ።

«አንድ ቀዳዳ አልቀረውም» አሉኝ እማማ በለጥሽ። «ከዛ ‹በለጥሽ፣ ይቅር በይኝ፣ ደህና ሁኚ› አለኝ። ጀልባው ብቻ ነው የመጣው። ኤርጫፎ እዚህ ቆሞ ነበር፤ ትንሽ ልጅ ነው ያኔ። ከዛ ወዲህ በኛ ቤት ደህና ሁን የለም። የሚሄድ ሰው ካለ ከመረቡ አንድ ቀዳዳ ይቀራል። ሥራ ያልጨረሰ ሰው ይመጣል።»

ከዚያ ወደ ሾላው ቅርንጫፍ ጠቆሙኝ። ረቡዕ ኤርጫፎ ጥሎት የሄደው መረብ ተሰቅሏል። ዳር እስከ ዳር ተጠግኖ አልቋል፤ መሐሉ ላይ ብቻ ሁለት እጅ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፍቶ፣ ሌላ ሰው ተሳስቶ እንዳይደፍነው ዙሪያው በቀይ ክር ተከቧል።

«ይሄ ያንተ ነው» አሉኝ።

እኔ ደግሞ የተለየሁ አዋቂ ነኝ፤ እማዬ ባስጠናችኝ ሥርዓት እጄን አጣምሬ፣ አባቱ ተሰናብቶ የሞተበትን ልጅ በዚያው በአባቱ ቃል ተሰናብቼዋለሁ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጀልባው ከደንገሉ ሲወጣ ተነስቼ ቆምኩ። ኤርጫፎ ዘሎ ወረደና ውሃው ጉልበቱ ድረስ እንደያዘው ቀጥ አለ። አልቀረበም።

«ደግመሽ ልትይኝ ከሆነ አልሰማሽም» አለኝ።

«አልልህም። እማማ ነግረውኛል። አላወቅኩም ነበር ኤርጫፎ።»

ትከሻው ሲወርድ አየሁ። ጀልባዋን ጎትቶ አወጣና መጥቶ ፊቴ ቆመ። ውሃ ይንጠባጠባል። እነዚያን ዓይኖች ለስድስት ወር ላላያቸው ነው። ደብዳቤዬ ደርሶት እንደሆነ ጠየቅኩት። ከሸሚዙ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ፤ አልተከፈተም።

«የሚነበበው ሳይመለስ የቀረ ሰው ደብዳቤ ነው» አለኝ። «ይሄን ስትመለሺ ራስሽ ታነቢልኛለሽ።»

ልስቅ ይሁን ላለቅስ አላወቅኩም። መውጫ ቀዳዳዬ፣ መዳኛዬ፣ ትናንት ልቤን ያሳረፈችው ያቺ ቃል፣ እጁ ላይ ታሽጋ አለች። ከፍቶ ካላነበበው ዛሬ አውሮፕላን ውስጥ ነኝ። ካልነገርኩት አያውቅም፤ ልነግረው ደግሞ እውነቱን መጀመሪያ ለራሴ ማመን ነበረብኝ።

«ውስጡ ያለው ውሸት ነው» አልኩት። «ቅሪ ካልከኝ ለፍቅራችን ስል እቀራለሁ ብዬሃለሁ። ለፍቅራችን አይደለም፤ ፈርቼ ነው። አንተ ቅሪ እንድትለኝና፣ ሰው ሲጠይቀኝ ባንተ እንዳሳብብ ነው። እሑድም በሩን የዘጋሁት ፈርቼ ነው። የሠራሁት ሁሉ ፍርሃት ነው።»

እማማ በለጥሽ ዓሣቸውን ወደ ቅርጫት መገልበጥ ጀመሩ፤ እንደማይሰሙ ለመምሰል።

«እሑድ ተናድጄ ነበር» አለ በመጨረሻ። «መንገዱን ሁሉ ተናድጄ ነው የወረድኩት። ዓሣውን ግን በላችሁት?»

እማዬ ጎረቤት ጠርታ እንዳበላችበት፣ አባዬም ሁለት ጊዜ እንዳስጨመረ ነገርኩት።

«እንግዲያው ቤታችሁ ገብቻለሁ» አለና ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ ሳይ እንባዬ መጣ። ከዚያ ወደ ውሃው ዞሮ፣ ፊቱን ሳያሳየኝ፣ ነግሮኝ የማያውቀውን ነገረኝ። «እኔ ጀልባ ላይ በወጣሁ ቁጥር እፈራለሁ። አባቴ እዚህ ውሃ ውስጥ ነው ያለው። ፍርሃቱ አንድ ቀን ይለቀኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልለቀቀኝም። ይዤው ነው የምገባው።»

«ቅሪ በለኝ» አልኩት።

«አልልሽም።»

«በል ሂጂ በለኝ።»

«እሱንም አልልሽም።»

መረቡን ከቅርንጫፉ አወረደና የመስፊያውን እንጨት እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ክሩ እንዴት እንደሚዞር፣ የት ላይ እንደሚጠብቅ ጣቴን በጣቱ ይዞ አሳየኝ። አንድ ቋጠሮ አሰርኩ፤ ተፈታ። ሁለተኛውም ተፈታ። ሦስተኛው ያዘ፤ ግን ጠማማ ነው። እዚያ ላይ አስቆመኝ። የቀረውን ስትመለሺ አለኝ።

ዓመት ሙሉ ዓሣ የለካ ሰው ዓመሉ አይለቀውም። በዚያ ቀዳዳ በቀን ስንት ቆሮሶ ዓሣ እንደሚያመልጥ፣ በስድስት ወር ስንት እንደሚሆን በአእምሮዬ ስደምር ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አየና «አታስዪው» አለኝ።

ከዚያ አንድ ክንድ የምታህል ክር ቆርጦ መዳፌ ውስጥ ጨመረልኝና ጣቶቼን አጠፈልኝ። አልተሳሳምንም፤ እናቱ ፊት ነን። መዳፌን ሲለቅ ግን ለመልቀቅ የፈጀበት ጊዜ ከመሳም ይረዝማል። ዞሮ መረቡን መስቀል ጀመረ። ወደ ባጃጁ ሄድኩ። እሱ አልዞረም፤ እኔም አልዞርኩም። ረቡዕ ያንኑ ጀርባ አይቼ የተዘጋ በር ነው ብዬ ነበር፤ አሁን ሳላየውም ልቤን ሞላው።

ወደ አየር ማረፊያው የወሰደን የጎረቤታችን መኪና ነው። መስኮቶቹ ተዘግተዋል። ትንሽ እንደሄድን አባዬ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አድርጎ «ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ዓሣ ይሸጣሉ እንዴ?» አለ። እማዬ ወደ መስኮቱ ዞረች። ክሩን የያዘ ቡጢዬን ከኋላዬ ደበቅኩ።

በሩ ላይ ጥበቃው ተሳፋሪ ብቻ ነው የሚገባው አለን። መስታወቱ ወዲያ ማዶ ወረፋ ይታያል፤ ሻንጣ የሚበላ ማሽን ይታያል፤ ሁሉም ሰው የት እንደሚሄድ ያወቀ ይመስላል። እማዬ አንገቴን አቅፋ ታለቅሳለች። አባዬ ኮፍያውን አወለቀ። አባዬ ኮፍያውን የሚያወልቀው ለጸሎትና ለለቅሶ ነው።

«ልጄ» አለ፤ «ያስቀየምኩሽ ነገር ካለ ይቅር...»

አፉን በእጄ ያዝኩት። በሕይወቴ የአባቴን አፍ ይዤ አላውቅም።

«አትጨርሰው አባዬ። እመለሳለሁኮ።»

እጄን ቀስ ብሎ አወረደው። አየው። አሸተተውም መሰለኝ። «ይህን ከማን ተማርሽ?» አለኝ።

አውሮፕላኑም፣ የፓስፖርቱ ሰውዬም፣ ኪሱሙም ከዚያ ጥያቄ ጋር ሲተያዩ ምንም አልነበሩም። የእሑዱ ዝምታዬ ተመልሶ መጣ። ክሩን ጨበጥኩት።

«ዓሣ ይዞ መጥቶ በር ከዘጋሁበት ሰው» አልኩ። «ኤርጫፎ ይባላል። ወባ ሲይዘኝ ያን ደብተር የሞላልኝ እሱ ነው። እወደዋለሁ አባዬ።»

የእማዬ ለቅሶ ቆመ። አባዬ ወደ መኪናዎቹ አየ፤ ወደ ተራራው አየ፤ ወደኔ ሳያይ ቆየ። ጥበቃው «እንፍጠን» አለን።

«እኔ ከቢቸና ስወጣ እናቴን በደንብ ተሰናብቻት ነበር» አለ። «ጉልበቷን ስሜ፣ ይቅር ተባብለን፣ ተመርቄ። በመሐላችን የቀረ ነገር አልነበረም።»

እሱም አያቴን ዳግም አላያትም። በዚያው ዓመት ነው የሞተችው፤ እኔም የማውቃት በፎቶግራፍ ነው። አባዬ ስለሷ አፍ አውጥቶ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ኮፍያውን መልሶ አደረገ። «ሚዛንሽ ቤት ቀርቷል» አለኝ። «ሰው ካገኘህ ላክልኝ እንዳትዪ። አልክልሽም። መጥተሽ ውሰጂው።»

እማዬን በክንዷ ይዞ፣ ሳይስመኝ፣ ሳይመርቀኝ ዞሮ ሄደ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ግን አልዞረም።

ስለ ኤርጫፎ አንድም ቃል አላለም። እሺም አላለኝ፣ እምቢም አላለኝ። ገባሁ። ቀበቶውን አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ አሰረችልኝ። ሞተሩ ሲያጓራ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ መሬቱ ከእግሬ ሥር ሲሄድ እማዬን ጠራሁ። ስከፍተው አውሮፕላኑ ዘንበል ብሎ ሁለቱም ሐይቆች ታች ተዘርግተዋል፤ ቡናማው አባያ፣ ከተራራው ወዲያ ሰማያዊው ጫሞ። ጀልባ ከዚያ ከፍታ አይታይም። ቢሆንም ፈለግኩ።

ክሩን ጭኔ ላይ አውጥቼ መቋጠር ጀመርኩ። አንዱ ተፈታ። ሁለተኛው ተፈታ። እንባዬ እየተንጠባጠበብኝ ደግሜ አሰርኩት። ሴትዮዋ ወደኔ ዘንበል ብላ «ፈራሽ እንዴ?» አለችኝ።

«በጣም» አልኳት። ያን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላፍር ያልኩት ያን ቀን ነው። መቋጠሩንም አላቆምኩም።